ቻይናውያን ሊቃውንት አፍሪካን እንዴት አጠኑ? (ከጨርጨር ተራሮች ሆኖ ሲታይ)

ሐዲድ በተዘረጋበት አገር ሁሉ ከብረቱ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም ጠያቂው ነው። መሐንዲሱ መሬቱን ይለካል፤ ነጋዴው ጭነቱን ይመዝናል፤ ከእነርሱ በኋላ ደብተርና እርሳስ የያዘ ሰው ይመጣና «ይህ ሕዝብ ማን ነው? ከየት መጣ? አገሩን በምን ስም ይጠራዋል?» እያለ ይጠይቃል። የእኛ የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ሁለት ሐዲድ አይቷል። ስለዚህም ጠያቂውን ሁለት ጊዜ መጠበቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ሐዲድ የፈረንሳዮች ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በሰጡት ፈቃድ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጠያቂዎቹም ብዙ አልዘገዩም። ካፑቺናዊው መነኩሴ አባ አዛይስ በ1920ዎቹ በሐረርና በደቡብ ኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ የጥንት የድንጋይ ሐውልቶችንና መቃብሮችን መዘገቡ። ሮዤ ዡሶም የተባለው ሌላው ፈረንሳዊ ደግሞ በ1970ዎቹ የጨርጨርን ተራሮች ጥንታዊ መቃብሮች ቆፍሮ አጠና። ባላገሩ «የሐርላ ሥራ ነው» እያለ የሚያልፈው የድንጋይ ክምር በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የእኛ ልጅ የአያቱን አገር መቃብር ታሪክ ሊያነብ ቢፈልግ መጀመሪያ ፈረንሳይኛ መማር ነበረበት።

ሁለተኛው ሐዲድ የቻይናውያን ነው። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ድርጅት፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላ የቻይና ድርጅት ሠሩት፤ ሁለቱ ሥራዎች የተጋጠሙትም እዚሁ ሚኤሶ ላይ ነው። ባቡሩ በጥቅምት 2016 አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ፤ ቻይናውያኑም የማስተዳደሩን ሥራ በግንቦት 2024 ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረከቡ። እኔ ጭሮ ተወልጄ ያደግሁ አንባቢ ነኝ፤ ስለዚህ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖሯል። የዚህ ሐዲድ ባለ ደብተር ማን ነው? ቻይናውያን ሊቃውንትስ አፍሪካን ማጥናት የጀመሩት መቼ ነው? በምን መንገድስ እዚህ ደረሱ? አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ጥቂት አብረን እንጓዝ።

ነገሩን ከሩቁ ብንጀምረው፣ ዱ ኋን የሚባል ቻይናዊ በ751 በታላስ ጦርነት ተማርኮ ወደ ዐረቦች አገር ተወሰደ። ከዐሥር ዓመታት በላይ ቆይቶ በ762 በመርከብ ወደ አገሩ ተመለሰና ያየውንና የሰማውን ጻፈ። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ የተረፈው ዘመዱ ዱ ዩ በራሱ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የጠቀሰው ቁራጭ ብቻ ነው። በዚያ ቁራጭ ውስጥ ሞሊን የምትባል የጥቁር ሕዝብ አገር ትገኛለች። ከፊሎቹ ሊቃውንት ሞሊንን በቀይ ባሕር ዳር፣ በአክሱም ግዛት አካባቢ ያኖሯታል፤ ሌሎቹ ወደ ሌላ የአፍሪካ ዳርቻ ይወስዷታል። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ከዚያ ወዲህ በዐሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት የዠንግ ሄ መርከቦች እስከ ሞቃዲሾና እስከ ማሊንዲ ደርሰው ተመለሱ። ከማሊንዲ የተላከች ቀጭኔም በ1415 ቻይና ገብታ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች አስደነቀች።

የቻይና ሸክላ ግን ከመርከበኞቹ አልፎ ወደ መሀል አገር ዘልቋል። በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ሐርላ፣ በቲሞቲ ኢንሶል የሚመራው ቡድን ባካሄደው ቁፋሮ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች መገኘታቸው በ2017 ተነግሯል። የእኛ ሐርላ፣ ግዙፎች ነበሩ እየተባለ የሚተረክላቸው ሰዎች፣ ከሩቅ ምሥራቅ ጋር በገበያ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ፈለግ ከቻይና በኩል የተከታተሉም አሉ፤ ማ ዌንክዋንና መንግ ፋንረን በአፍሪካ ስለተገኙ ጥንታዊ የቻይና ሸክላዎች በ1987 መጽሐፍ አሳትመዋል። ነገር ግን ሸክላ መሸጥና ሰውን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ለብዙ ምዕተ ዓመታት የተላለፈው ዕቃ እንጂ እውቀት አልነበረም።

በዘመናዊው መንገድ ስለተጻፈው ጥናት የተሻለ መሪ የሚሆነን የቤይጂንግ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ሊ አንሻን ነው። ሊ አንሻን በቶሮንቶ ስለ ጋና ገበሬዎች ዐመፅ አጥንቶ የዶክትሬት ማዕርግ ያገኘ ሰው ሲሆን፣ በ2005 በእንግሊዝኛ ባወጣው ጥናት የቻይናን የአፍሪካ ጥናት በአራት ዘመን ይከፍለዋል፤ አፍሪካን የማጤን ዘመን (ከ1900 እስከ 1949)፣ የመደገፍ ዘመን (ከ1949 እስከ 1965)፣ የመረዳት ዘመን (ከ1966 እስከ 1976)፣ የማጥናት ዘመን (ከ1977 እስከ 2000)። አከፋፈሉን የወደድሁበት ምክንያት አለኝ። ማጥናት በቅደም ተከተሉ የመጨረሻ ሆኖ መቀመጡ የሚያስተምር ነገር አለው፤ ድጋፉ ከጥናቱ በፊት ነበርና።

በመጀመሪያው ዘመን ለአፍሪካ የተመደበ ሊቅም ተቋምም አልነበረም። ዣንግ ሺንግላንግ በ1930 ስለ ቻይናና ስለ ምዕራቡ ዓለም ግንኙነት ያጠናቀረው የታሪክ ሰነድ ስብስብ ጥንታዊውን የአፍሪካ ግንኙነት ጭምር ይዟል። ከዚያ ቀጥሎ የቻይናን አንባቢ ዓይን ወደ አፍሪካ የመለሰው የእኛው መከራ ነበር። ጃፓን በ1931 ማንቹሪያን ወረረች፤ ቻይና ለመንግሥታት ማኅበር ጮኸች፤ ማኅበሩ ከመናገር አላለፈም። በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የቻይና ጋዜጦች ጦርነቱን እንደ ራሳቸው ጉዳይ ተከታተሉት። ቻይና የኢጣሊያን ድል ካላጸደቁት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆና ቀረች።

እዚህ ላይ አንድ የጨርጨር ሰው ታሪኩ ውስጥ ይገባል። በ1935 በጄኔቭ ለኢትዮጵያ የተከራከሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1920ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን በፕላን የቆረቆሩ ሰው ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ደግሞ በ«ፋቡላ» ያውቃቸዋል፤ የዘመናዊው የአማርኛ ተውኔት አባት ናቸውና። የ«አርአያ» ደራሲ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ልጃቸው ናቸው። እኒህ ሰው ያረቀቁት የ1931ዱ ሕገ መንግሥት የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተነሣ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በሐምሌ ታወጀ፤ በመስከረም ጃፓን ማንቹሪያ ገባች። የእኛ ሊቃውንት ጃፓንን እንደ መምህር ሲያዩ፣ ቻይናውያን ያቺኑ ጃፓን እንደ ወራሪ ያዩአት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ያን ዓመት ወደ ጃፓን ተጉዘው ስለ አገሪቱ መጽሐፍ ጽፈዋል። ስለ ቻይና ግን እንዲህ ያለ ደራሲ አልተነሣልንም። ሁለት ወራሪ የገጠማቸው ሁለት ጥንታውያን አገሮች በጄኔቭ አዳራሽ አንድ ዓይነት አቤቱታ አቀረቡ፤ በመጽሐፍ ግን አልተዋወቁም።

ሁለተኛው ዘመን ከባንዱንግ ጉባኤ ጋር ይያያዛል። በ1955 የእስያና የአፍሪካ መሪዎች ተሰበሰቡ፤ በ1956 ግብፅ ከቻይና ሕዝባዊ ሪፑብሊክ ጋር ግንኙነት መሠረተች። የነፃነት ትግል እየተቀጣጠለ ሲሄድ ቤይጂንግ ወዳጆቿን ማወቅ አስፈለጋት። በ1950ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ አብዮት ታሪክ ሊቅ የነበረው ያንግ ረንፒየን የለመደውን መስክ ትቶ ወደ አፍሪካ ታሪክ ዞረ። በኦክስፎርድ የተማረ፣ ስም ያለው ሊቅ በሸመገለ ጊዜው እንደ ጀማሪ ተማሪ ከፊደል ሲነሣ አስቡት! ያንግ የመጀመሪያዎቹን የአፍሪካ ታሪክ ተማሪዎች አሠለጠነ፤ የአፍሪካን ጠቅላላ ታሪክም ጻፈ። በ1973 ሲሞት መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር፤ የታተመው በ1984 ነው።

ከሁሉ ይልቅ ቀልቤን የሚስበው ግን የ1961 ነገር ነው። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ማኦ ዜዱንግ ከአፍሪካ የመጡ እንግዶችን ሲቀበል፣ የአፍሪካን ሁኔታ እርሱ ራሱ አጥርቶ እንደማያውቅና አፍሪካን የሚያጠና ተቋም መመሥረት እንዳለበት ተናገረ። በሐምሌ የእስያና የአፍሪካ ጥናት ተቋም በቤይጂንግ ተከፈተ። ስለ ሰውዬው ፖለቲካ የወደዳችሁትን በሉ፤ ያን ያህል ሥልጣን የያዘ ሰው በእንግዳ ፊት «አላውቅም» ማለቱ ግን ብዙ ቤተ መጻሕፍት ወልዷል። ጥናት የሚጀምረው ከዚህ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ በ1964 መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ በዐሥር የአፍሪካ አገሮች ጉዟቸው ኢትዮጵያ ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተቀበሏቸው አሥመራ ላይ ነበር። በ1965 ዣንግ ቲዬሸንግ የቻይናንና የአፍሪካን የጥንት ግንኙነት የሚመረምር አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። መንገዱ ቀና ይመስል ነበር።

በ1966 ግን የባህል አብዮት መጣ። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ሊቃውንቱ ወደ ገጠር ተላኩ። በዚያው ዘመን ግን ቻይናውያን ሠራተኞች ታንዛንያንና ዛምቢያን የሚያገናኘውን 1,860 ኪሎ ሜትር የባቡር መንገድ ይሠሩ ነበር። እጅ አፍሪካን እየሠራ አእምሮ ስለ አፍሪካ እንዳይጽፍ ሆነ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ስለ አፍሪካ የታተሙት መጻሕፍት አብዛኞቹ ትርጉሞች ነበሩ፤ ሊቃውንቱ የራሳቸውን አሳብ መጻፍ ቢያዳግታቸው የሌላውን ሰው መጽሐፍ ተረጎሙ። ትርጉምን ዝቅ አድርገው ለሚያዩ ሰዎች ይህ ጥሩ መልስ ይመስለኛል። አንድ የጥናት ዘርፍ እሳቱ እንዳይጠፋ በአመድ ውስጥ ያቆዩት ተርጓሚዎች ናቸው። በእኛም በኩል የ1960ዎቹ ተማሪዎች የማኦን ጽሑፎች በስሜት ያነብቡ ነበር። በ1970 የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በይፋ ተመሠረተ፤ በ1971 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። ተማሪዎቻችን ቻይናን ያነበቡት ግን አብዮት ፈልገው ነበር፤ ታሪኳን፣ ገበሬዋን፣ ግጥሟን ለማወቅ የተነሣ ጥቂት ነው።

አራተኛው ዘመን የማደራጀትና የመጻፍ ዘመን ነው። በ1979 እና በ1980 ሁለት የአፍሪካ ጥናት ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በ1980 «ምዕራብ እስያና አፍሪካ» የተሰኘው መጽሔት መታተም ጀመረ። ሼን ፉዌይ በ1990 የሁለት ሺህ ዓመቱን የቻይናና የአፍሪካ ግንኙነት በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ። በ1995 ባለ ሦስት ቅፅ የአፍሪካ ጠቅላላ ታሪክ ወጣ፤ በ1998 የቤይጂንግ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ማእከል ተመሠረተ።

ሊ አንሻን የቆመበት የ2000 ዓመት ራሱ አዲስ በር ነው፤ በዚያ ዓመት የቻይናና የአፍሪካ የትብብር መድረክ በቤይጂንግ ተጀመረ፤ ሁለተኛው የሚኒስትሮች ስብሰባም በታኅሣሥ 2003 አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ንግዱ ሲሰፋ ጥናቱም አብሮ ሰፋ። በ2007 ሊዩ ሆንግዉ ከዋና ከተማው ርቆ በዠጂያንግ ኖርማል ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ተቋም መሠረተ፤ እርሱም ቀደም ሲል በናይጄሪያ የተማረ ሰው ነው። በ2019 በቤይጂንግ የቻይናና አፍሪካ ተቋም ተከፈተ፤ በ2022 ደግሞ የአገሮችና የአካባቢዎች ጥናት በቻይና የትምህርት መደብ ውስጥ ራሱን የቻለ ዘርፍ እንዲሆን ተወሰነ። በስድሳ ዓመት ውስጥ «አላውቅም» ከተባለበት ቦታ እዚህ ተደረሰ። ቀላል ጉዞ አይደለም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ እኛ የት አለን? በ2006 ዦንግ ዌይዩን ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ በአንድ ቅፅ የጻፈው መጽሐፍ የዓለምን አገሮች በየተራ ለቻይና አንባቢ በሚያስተዋውቅ ተከታታይ ውስጥ ወጥቷል። በ2009 ደግሞ የሰዒድ አዴጁሞቢ የኢትዮጵያ ታሪክ ከእንግሊዝኛ ወደ ቻይንኛ ተተርጉሟል። ደራሲው ናይጄሪያዊ፣ መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ አንባቢው ቻይናዊ። መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሂርና ወይም ከገለምሶ ተነሥቶ ቤይጂንግ እስኪደርስ ድረስ ነገራችን ስንት አፍ እንደሚያልፍ አስተውሉ። ወሬ አፍ በተቀባበለው ቁጥር ጨው ይቀንሳል ወይም ይበዛል።

ለዚህ መድኃኒቱ ቋንቋ ነው። የቤይጂንግ የውጭ ቋንቋዎች ጥናት ዩኒቨርሲቲ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስዋሂሊና ሐውሳ ያስተምራል፤ በዚህ በሃያ አንደኛው ምዕተ ዓመት አማርኛም ተጨምሯል። ለጨርጨር ግን አማርኛ ብቻውን አይበቃም። አንድ ተመራማሪ የድሮ የመንግሥት መዝገብ ሲገልጥ የሚያገኘው አሰበ ተፈሪን ነው፤ ስሙ ራሱ «ተፈሪ አሰበ» እያለ ከተማዋ በማን አሳብ እንደ ተቆረቆረች ይናገራል። ገበያ ወጥቶ ሰው ቢጠይቅ ግን የሚሰማው ጭሮ ነው። በአንዱ ስም ውስጥ መንግሥት አለ፤ በሌላው ውስጥ ሕዝብ አለ። ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት መቀመጫ መሆኑን፣ የጫት ንግዱ ከበዴሳ እስከ ባሕር ማዶ እንዴት እንደሚሄድ፣ የሐረርጌ ቡና ገበሬ ስለ ምን ቡናውን ነቅሎ ጫት እንደ ተከለ የሚያውቅ አዛውንት ይህን የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሁለቱን ቋንቋ ሳይሰማ የጨርጨርን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የግማሽ ከተማ ታሪክ ይጽፋል፤ ቻይናዊም ይሁን የአዲስ አበባ ሰው።

ወቀሳውን ግን ወደ ውጭ ብቻ አላዞረውም፤ እዳው የጋራ ነውና። በአገራችን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከ1963 ጀምሮ አለ፤ ስለ ራሳችን ብዙ ሠርቷል። ስለ ቻይና የሚያስብ፣ ቻይንኛ የሚያነብ፣ የቻይናን ገበሬ ታሪክ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍልን የታሪክ ሊቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ ማስተማር መጀመሩን ሳስብ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቋንቋውን የሚማሩት ብዙዎቹ ለሥራ ነው፤ በአስተርጓሚነት ደመወዝ ያገኛሉ። አይፈረድባቸውም። ሆኖም ቻይናም በ1960ዎቹ ከቋንቋ ተማሪዎቿና ከተርጓሚዎቿ መካከል የኋላ ሊቃውንቷን እንዳወጣች አንርሳ። እዚህ ጭሮ ላይ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። ከሚኤሶ ጣቢያ የቻይናውያኑን ቋንቋ በጆሮው የለቀመ አንድ ወጣት አንድ ቀን በዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሐዲዱን ታሪክ ከሠራተኛው፣ ከእረኛው፣ መሬቱ ከተወሰደበት ገበሬ ጠይቆ ቢጽፍ፣ ያ መጽሐፍ በቤይጂንግ ተርጓሚ አያጣም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በኋለኛው ዘመናቸው በሂርና እርሻቸው ላይ ኖሩ፤ የሕይወታቸውንም ታሪክ ጽፈው አስቀመጡ። በ1977 ዐረፉ፤ መጽሐፋቸው የታተመው ከዚያ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያንግ ረንፒየንም እንዲሁ የድካሙን ፍሬ ሳያይ ሞተ። አንዱ ስለ ራሱ አገር፣ ሌላው ስለ ሩቅ አህጉር የጻፉት እነዚህ ሁለት ሰዎች ጽሑፋቸውን በመሳቢያ ትተው ሄዱ፤ መሳቢያው ሲከፈት ግን ሁለቱም ተነበቡ። ያልተጻፈ ነገር ይህ ዕድል የለውም። ዛሬ በጨርጨር ቀበሌዎች የሚኖሩ ሽማግሌዎች የፈረንሳዩን ባቡር ፉጨት ያስታውሳሉ፤ የቻይናውን ሐዲድ ሲዘረጋም በዓይናቸው አይተዋል። ሁለቱን ዘመን በአንድ ዕድሜ ያዩ ምስክሮች እነርሱ ናቸው፤ ዕድሜም ቀጠሮ አይሰጥም። ቻይናዊው ሊቅ ደብተሩን ይዞ ቢመጣ እሰየው፤ ቡና አፍልተን እንቀበለዋለን። እርሱ እስኪመጣ ድረስ ግን የእኛ ደብተር ባዶ ሆኖ ሊጠብቀው አይገባም።